ግማሽ ራስ ለአንድ ዓሳ

ወንበር ያገኘ ይቀመጥ፣ ያላገኘ ግድግዳ ይደገፍ፤ ተራችሁ እስኪደርስ እኔም እየቆረጥኩ አንድ ነገር ላውራችሁ።

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ወደ ታች ወረድ ስትሉ፣ ሁለት ወንበር ያላት አንዲት ፀጉር ቤት ነበረች። እዚያ ፉአድ የሚባል ቆራጭ ይሠራ ነበር። የፉአድ እጅ ለጉድ ነው፤ ግንባር ላይ መስመር ሲያወጣ በማስመሪያ ያሰመረው ይመስላል። መቀመጫው ግን አይረጋም። ከተማው ምሳውን በልቶ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ጋደም በሚልበት በዚያ የቀትር ሙቀት እንኳ አስፋልቱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ፍየልና ፉአድ።

ትምህርት ጀመረ፣ ስምንተኛ ላይ ተወው። ጥንቸል ማርባት ጀመረ፣ ጥንቸሎቹ ራሳቸው ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። የፀጉር ቤቱን ግድግዳ ሰማያዊ መቀባት ጀመረ፣ ግማሹ ላይ ሲደርስ ብሩሹን አጥቤ መጣሁ ብሎ ወጣ፤ ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ ብሩሹም አልታጠበ፣ እሱም አልመጣ። ጀምሮ የሚጨርሰው ነገር ቢኖር የሰው ጭንቅላት ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ግማሹን የተላጨ ደንበኛ ከወንበሩ አልነሳም ስለሚለው ነው።

የቤቱ ባለቤት አዴ ዙበይዳ ናት። አዴ ማለት እናት እንደማለት ነው፤ እሷ የምላት ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም አንተና አንቺ ስለሆነ እንጂ፣ ዕድሜዋን ሳላከብር ቀርቼ አይደለም። ባሏ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ምላጩን ተቀብላ የደንበኛ ጺም ትላጭ የነበረችው እሷ ናት። እሱ ሲሞት ምላጩን ሰቀለች፤ ቁልፉን ግን መቀነቷ ላይ ቋጠረች።

አንድ ሐሙስ አዴ ዙበይዳ መጥታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ፉአድ፣ ልጄ ጅጅጋ ነይ እያለችኝ ነው። አረፋን እዛ ነው የምውለው፤ ከዚያ ወዲያ አልመለስም።»

«ቁልፉስ?»

«የሞባይል ሻጩ ስጪኝ ብሎኛል። ወንበሮቹን አውጥቶ የስልክ ከቨር ሊደረድርበት ነው።»

የፉአድ ምላጭ አየር ላይ ቀረ። «እኔስ?»

«አንተማ ቁልፍ ብሰጥህ በሩን ከፍተህ ትሄዳለህ። ማን ይዘጋዋል?»

«እዘጋዋለሁ።»

«እስቲ አንድ ነገር፣ የፈለግከውን፣ ጀምረህ ጨርስና አሳየኝ። ያኔ ቁልፉ ያንተ ነው።»

ልብ ያለው ሰው ቢሆን ግድግዳውን ይል ነበር። ግድግዳው እዚያው ግማሽ ሰማያዊ፣ ግማሽ ነጭ ሆኖ ቆሟል። የፉአድ ዓይን ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚላጨው የሮብሌ ስልክ ላይ ነበር። ሮብሌ ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በየሐሙሱ ፉአድ ጋ ይላጫል። የአጎቱ ልጅ ወደቡ አጠገብ ባለ ሆቴል ውስጥ የባህር ዓሳ የሚንከባከብ ሠራተኛ ነው፤ ያን ዕለትም ቪዲዮ ልኮለት ነበር። ስልኩ ውስጥ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ብርቱካናማ፣ ሦስት ነጭ መቀነት የታጠቀ ዓሳ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ይሄን» አለ ፉአድ። «ይሄን ዓሳ እዚህ ቤት አኖረዋለሁ። ከነጨው ውሃው።»

ሮብሌ የመላጫ አረፋ ፊቱን እንደሸፈነው ዞር አለ። «ወሪያ፣ በዚህ ሙቀት ዓሳው ሾርባ ነው የሚሆነው።»

«ተወው ሮብሌ፣ አንዴ ካፉ ወጥቷል» አለች አዴ ዙበይዳ። «ዓሳው እዚህ ገብቶ፣ ዓይኔ እያየው በልቶ ካደረ ቁልፉ ያንተ። አለዚያ የሞባይል ሻጩ።»

ፉአድ የፈለገው እንግዲህ ይህችን ታህል ነው፤ አንድ ትንሽ ዓሳ። ዓሳው ግን ገና ጅቡቲ ነው፤ ቁልፉም ከአዴ ዙበይዳ መቀነት አልፈታም አለ።

በማግስቱ ፉአድ የከረሜላ ብልቃጥ አጥቦ ጠበቀ። በሳምንቱ ሮብሌ መጣ፣ ብልቃጡን አየ፣ ሳቀ።

«ዓሳው በዚህ አልገባም ብሏል።»

«መቼ ነገረህ?»

«ደውዬ ጠየቅኩት። ስማ፣ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይበላሻል። ትልቅ ውሃ ስህተትህን ይችልልሃል። አንተ ደግሞ ስህተት እንደማያጣህ ዓሳውም ሰምቷል።»

ስለዚህ ፉአድ ታይዋን ገበያ ሄዶ ሁለት ሰው የሚሸከመው የመስታወት ሣጥን ገዝቶ መጣ። ሣጥኑ ትልቅ ሲሆን ምኞቱም አደገ።

«ያ እሾሃሙስ? እሱንም ጨምርልኝ። ያ ረጅሙስ?»

«እሾሃሙ ትንሹን ይበላዋል። ረጅሙ እንዳንተ ነው፣ አያርፍም፤ ባህር ራሱ ይጠበዋል። ያየኸውን ትንሹን ምረጥ፣ እሱን አኑር። ግን ድንጋይ ይፈልጋል። ሲፈራ የሚጠጋበት፣ ሕይወት ያለው ድንጋይ።»

«ድንጋይ ደግሞ ምን ሕይወት አለው?»

«የባህሩ አለው። በዓይን የማይታዩ ነገሮች ይኖሩበታል። የዓሳውን ቆሻሻ የሚበሉለት እነሱ ናቸው።»

ድንጋይ ከሌለ ዓሳው ቤቴ ብሎ አልገባም አለ፤ ዓሳው ካልገባ ቁልፉ ከአዴ ዙበይዳ መቀነት አልፈታም አለ።

በቀጣዩ ሐሙስ ሮብሌ ድንጋዩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ፣ የባህሩን ውሃ በቢጫ ጀሪካን ሞልቶ መጣ። ኬላ ላይ ያለው ፈታሽ ጀሪካኑን ሲያይ ነዳጅ መስሎት ነበር። ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ፤ አልገባውም። ጣቱን ነክሮ ቀመሰና ተፋ።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ዓሳ ልናኖርበት።»

ፈታሹ ሮብሌን ከላይ እስከ ታች አየውና «እለፍ» አለው።

ፉአድ ድንጋዩን ከጆንያው ሲያወጣው ሽታው አፍንጫውን መታው። ፀጉር ቆራጭ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ያጸዳል፤ መቀሱን በአልኮል፣ ማበጠሪያውን በአልኮል፣ የደንበኛውን ማጅራት በአልኮል። ለዓሳው አስቦ ድንጋዩንም በአልኮል ነከረው። ቀዳዳ ቀዳዳውን በጥርስ ብሩሽ ፈተገው። ቆርቆሮ ላይ አውጥቶ ፀሐይ አስመታው። ከዚያ ውሃው ውስጥ ሲከተው ድንጋዩ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ውሃው ወተት መሰለ። በአምስተኛው ደንበኞች አፍንጫቸውን ይዘው መላጨት ጀመሩ። ሐሙስ ሮብሌ በር ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ምን አደረግከው?»

«አጸዳሁታ።»

«በምን?»

«በአልኮል። ጀርም እንዳይኖርበት ብዬ።»

ሮብሌ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ወሪያ ፉአድ፣ የምንፈልገው እኮ ጀርሙን ነበር።»

የሚያስጠጋ ነፍስ የለኝም ብሎ ድንጋዩ ዓሳውን አላስጠጋም አለ፤ ድንጋዩ ካላስጠጋው ዓሳው ቤቴ ብሎ አልገባም አለ፤ ዓሳው ካልገባ ቁልፉ ከአዴ ዙበይዳ መቀነት አልፈታም አለ።

መቼም ሮብሌ ጥሎ አይጥልም። በሚቀጥለው ሐሙስ ሌላ ውሃና አንድ ጭብጥ የምታህል ያልታጠበች ድንጋይ አመጣ። ትንሿን ከትልቁ አጠገብ አስቀመጣት።

«ከሷ ላይ ወደሱ ይራባሉ፤ ቀስ እያለ ይድናል። ይቺን ጠብታ እንካ። ከውሃው ትንሽ ቀድተህ ጨምርበት፤ አረንጓዴ ከሆነ መርዝ አለ ማለት ነው። ቢጫ ሲሆን ደውልልኝ፣ ዓሳውን ይዤ እመጣለሁ።»

«እስከ ነገ ይሆናል?»

«ነገ? ሳምንታት ነው የማወራህ። እሱም ውሃው ከዞረ ነው። ቆሞ የዋለ ውሃ በሽተኛ አያድንም።»

ቆሜ እየዋልኩ ብሎ ውሃው ድንጋዩን አላስታምምም አለ፤ ውሃው ካላስታመመው ድንጋዩ ዓሳውን አላስጠጋም አለ፤ ድንጋዩ ካላስጠጋው ዓሳው ቤቴ ብሎ አልገባም አለ፤ ዓሳው ካልገባ ቁልፉ ከአዴ ዙበይዳ መቀነት አልፈታም አለ።

ፉአድ ውሃ የምታዞር ትንሽ ሞተር ገዝቶ መስታወቱ ላይ ለጠፋት። ግማሽ ቀን በደንብ ሠራች። ከዚያ አጉረመረመች፣ ጉሮሮዋ ደረቀና ቆመች። ፉአድ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ውሃው ከሞተሯ በታች ወርዷል፤ ወለሉ ረጥቧል፤ የመስታወቱ ጥግ ያለቅሳል።

ውሃ ሳይደርሰኝ ብላ ሞተሯ ውሃውን አላዞርም አለች፤ ሞተሯ ካላዞረችው ውሃው ድንጋዩን አላስታምምም አለ፤ ውሃው ካላስታመመው ድንጋዩ ዓሳውን አላስጠጋም አለ፤ ድንጋዩ ካላስጠጋው ዓሳው ቤቴ ብሎ አልገባም አለ፤ ዓሳው ካልገባ ቁልፉ ከአዴ ዙበይዳ መቀነት አልፈታም አለ።

ፉአድ ውሃውን ቀድቶ አወጣ፣ ጥጉን በሲሊኮን ደፈነ፣ መልሶ ሞላ። መስታወቱ በማግስቱ በሌላኛው ጥግ አለቀሰ።

«ምን ጎደለብህ አንተ?» አለው ፉአድ።

መስታወት ቢናገር ኖሮ የተቀመጥኩበትን ጠረጴዛ ጠይቅ ይለው ነበር። ጠረጴዛው ደግሞ አፍ ቢኖረው የሚለው ብዙ ነው። «ሰኞ ፀሐይ ጥሩ ነው አልክና ወደ መስኮቱ ጎተትከኝ፤ ውሃው ሻይ ሆነ። ማክሰኞ ሰው ይየው አልክና ወደ በሩ ጎተትከኝ። ረቡዕ ንፋስ ያግኝ አልክና ቬንትሌተሩ ሥር ጎተትከኝ። ሁሌም ከነውሃው፣ ሁሌም በአንድ ጎኔ። ተጣምሜ እኔ ምን ላድርግ?»

ጠረጴዛው ቀጥ ብዬ አልሸከምም አለ፤ ጠረጴዛው ቀጥ ካላለ መስታወቱ ውሃ አልቋጥርም አለ፤ መስታወቱ ካልቋጠረ ሞተሯ ውሃውን አላዞርም አለች፤ ሞተሯ ካላዞረችው ውሃው ድንጋዩን አላስታምምም አለ፤ ውሃው ካላስታመመው ድንጋዩ ዓሳውን አላስጠጋም አለ፤ ድንጋዩ ካላስጠጋው ዓሳው ቤቴ ብሎ አልገባም አለ፤ ዓሳው ካልገባ ቁልፉ ከአዴ ዙበይዳ መቀነት አልፈታም አለ።

ታዲያ ጠረጴዛውን ማን ነው የሚጎትተው? ፉአድ። ፉአድንስ? መንገዱ። ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ ይወጣል፤ ጎረምሶች ኳስ ሲራገጡ ይወጣል፤ ሁለት ሰው ሲጣላ ገላጋይ ከማጣታቸው በፊት ይደርሳል። ሲመለስ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ጥግ ላይ ጫት የምትሸጠው ፀሐይ አስመታው ትለዋለች፣ ጎማ የሚጠግነው በር ላይ አድርገው ይለዋል፤ የሰማውን ይዞ ገብቶ ጠረጴዛውን ይዞ ይጎትታል። ባህር አይተው የማያውቁ ሰዎች ያን ሰሞን ሁሉም ስለ ባህር ያውቁ ነበር።

አረፋ አምስት ሳምንት ሲቀረው የሞባይል ሻጩ ሜትር ይዞ መጣ። ፉአድ ሰው ሲላጭ ሻጩ ግድግዳውን በቁመት ለካ፣ በወርድ ለካ። ሜትሩን ጠቅልሎ ሲወጣ፣ «ይሄን የዓሳ ነገር ታወጣዋለህ አይደል?» ብሎ ጠየቀ።

አዴ ዙበይዳም ገብታ ባዶውን መስታወት አየች። «ፉአድ፣ ዓሳውን ሳናየው ሽታውን ጠገብነው» አለች። ቁጣ የለባትም። ፉአድን ያንገበገበው ያ ነው፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ከኋላው በቆመበት ወንበር ሥፍራ የስልክ ከቨር ተሰቅሎ ታየው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነበር። መንገዱ ፉአድን አልለቅም አለ፤ መንገዱ ካልለቀቀው ፉአድ ጠረጴዛውን ሳልነካ አልውልም አለ፤ ፉአድ ካልተቀመጠ ጠረጴዛው ቀጥ ብዬ አልሸከምም አለ፤ ጠረጴዛው ቀጥ ካላለ መስታወቱ ውሃ አልቋጥርም አለ፤ መስታወቱ ካልቋጠረ ሞተሯ ውሃውን አላዞርም አለች፤ ሞተሯ ካላዞረችው ውሃው ድንጋዩን አላስታምምም አለ፤ ውሃው ካላስታመመው ድንጋዩ ዓሳውን አላስጠጋም አለ፤ ድንጋዩ ካላስጠጋው ዓሳው ቤቴ ብሎ አልገባም አለ፤ ዓሳው ካልገባ ቁልፉ ከአዴ ዙበይዳ መቀነት አልፈታም አለ።

ቀትር ነው፤ ከተማው ተኝቷል። ፉአድ ብቻውን ደንበኛ የሚታይበት የግድግዳ መስተዋት ፊት ቆሞ ራሱን አየ። ፀጉሩ ያኔ ጎፈሬ ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀው በሱ ነው። ወንበሩንም አየ። በዚያ ወንበር ላይ ስንቱን ችኩል ሰው አስቀምጧል፤ ስልክ ቢጠራ፣ ሚስት ብትጣራ፣ ከወንበሩ የተነሳ አንድ እንኳ የለም። ለምን? ግማሹ ስለተላጨ።

ምላጩን አነሳ። ከግንባሩ መሐል ጀምሮ እስከ ማጅራቱ መስመር አወጣ፣ ያንኑ የታወቀ ቀጥ ያለ መስመሩን። የቀኙን ወገን ሙልጭ አድርጎ ላጨ። ግራውን ጎፈሬ እንደነበረ ተወው። ምላጩን ጠርጎ አስቀመጠ።

ወዲያው ውጭ ባጃጅ ጮኸ። «ፉአድ፣ ና ውጣ፣ ኳስ አለ።»

እግሩ ልማዱ ነውና ሮጠ። ደፍ ላይ ሲደርስ ባለ ባጃጁ ቀና ብሎ አየው። መሪው ላይ ተደፍቶ በሳቅ ይንፈራፈር ጀመር። ጫት የምትሸጠው ከእንቅልፏ ነቅታ «ምነው፣ መብራት ጠፋብህ?» አለችው። የፉአድ እግር አየር ላይ ቆየና ወደ ቤት ተመለሰ።

መንገዱ ሳቀ፣ ሳቀና ለቀቀው።

አዴ ዙበይዳ አሥር ሰዓት ላይ መጥታ ስታየው እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ምንድነው ይሄ?»

«ጀምሬዋለሁ። ዓሳው በልቶ ሲያድር እጨርሰዋለሁ።»

ዞራ አየችው፤ በቀኝ፣ በግራ። «ድሮም ግማሽ ነገር ነበርክ» አለች። «አሁን ግን ለሁላችንም ታየን።»

መንገዱ ለቀቀውና ፉአድ ተቀመጠ። ደንበኛ ሲመጣ ይሠራል፤ ሲሄድ ይቀመጣል። ደንበኛው ደግሞ በዛ፤ ግማሽ ራሱን የተላጨውን ቆራጭ ሊያይ ሩቅ ካለው ከሳቢያን ሰፈር ሳይቀር ሰው መጣ፤ ከመጣ አይቀር ተላጭቶ ሄደ። ምክሩ አሁንም በገፍ ነበር። ፉአድ «እሺ» ይላል፣ ጠረጴዛውን አይነካም። የተላጨው ወገን እንዳያድግና ሁለቱ እንዳይመሳሰሉ በየሐሙሱ ያንኑ ግማሹን ይላጫል።

ፉአድ ተቀመጠና ጠረጴዛው ቆመ። ከመስኮቱ ርቆ፣ ሰማያዊው የግድግዳ ግማሽ ሥር፣ አጭሩ እግሩ በካርቶን ተደግፎ ቆመ። ጠረጴዛው ቆመና መስታወቱ ቋጠረ፤ ሲሊኮኑ ማንም ሳይነካው ሦስት ቀን ደረቀ፣ ሮብሌም ሌላ የባህር ውሃ በጀሪካን አመጣለት። መስታወቱ ቋጠረና ሞተሯ አዞረች። ሞተሯ አዞረችና ውሃው ማስታመም ጀመረ። ቬንትሌተሩ ከላይ እየነፋ ያቀዘቅዘዋል፤ የተነነውን ፉአድ በንጹህ፣ ጨው በሌለው ውሃ ይተካዋል። መጀመሪያ በጨው ውሃ ሊሞላው ነበር፣ ሮብሌ ነው በስልክ የጮኸበት፤ «ውሃው ነው የሚተንነው፣ ጨዉማ የት ይሄዳል?»

በየጠዋቱ ጠብታውን ይጨምራል። አረንጓዴ። በሁለተኛው ሳምንት አረንጓዴ። በሦስተኛው፣ መንገድ ላይ የሠርግ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ ሲያልፉ ሁለት እጁን ከጭኑ ሥር አድርጎ ተቀመጠባቸው፤ በማግስቱ ጠብታው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ። በአራተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ፉአድ ጠብታውን የጨመረባትን ትንሽ ብልቃጥ ወደ ብርሃን አነሳት። ዓይኑን አሸ። አዴ ዙበይዳን ጠራት።

«ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ቢጫ ነዋ። ቀለምም ጠፋህ?»

ፉአድ ደወለ።

ሐሙስ ሮብሌ ዓሳውን በውሃ በተሞላ ላስቲክ፣ ላስቲኩን በበረዶ ሣጥን ይዞ ደረሰ። የግሉኮስ ቱቦም አምጥቷል። ላስቲኩን ባልዲ ውስጥ ከፈቱት፤ ከመስታወቱ ውሃ በቱቦው ጠብ፣ ጠብ እያለ ወደ ባልዲው ይወርዳል፤ ዓሳው አዲሱን ውሃ ቀስ ብሎ እንዲለምድ። አንድ ሰዓት ሙሉ። ሮብሌ የሚያየው ባልዲውን ሳይሆን ፉአድን ነበር። ፉአድ አልተነሳም።

ዓሳው ገባ። ገባና ሽው ብሎ ከድንጋዩ ኋላ ተደበቀ። ድንጋዩ አስጠጋው። ምግብ ጣሉለት፣ አልወጣም። አርብም አልወጣም። አዴ ዙበይዳ እሁድ ረፋድ ላይ ጅጅጋ ልትሄድ ሻንጣዋን በር ላይ አውጥታለች።

«ገብቷል፣ ልክ ነህ» አለች ቅዳሜ። «አልበላም ግን። ቃሌ በልቶ ካደረ ነው።»

ፉአድ አሥር ጊዜ ተነስቶ ጎንበስ ብሎ አየ። በአሥራ አንደኛው ጊዜ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ጎንበስ ሲል ጥላው ድንጋዩ ላይ ይወድቃል፣ ከድንጋዩ ኋላ የታየችው ብርቱካናማ ነጥብም ትጠፋለች። ዓሳውን የሚያስፈራራው ሌላ ማንም አይደለም።

ቆንጥሮ ምግብ ጣለና የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አዴ ዙበይዳም በሌላኛው ተቀመጠች። ቀትር ሆነ፣ ሱቆች ተዘጉ፣ መንገዱ ላይ ፍየሎቹ ብቻ ቀሩ። በዚያ ቀትር ድሬ ውስጥ ከሁሉም ይልቅ ያልተንቀሳቀሰው ፉአድ ነበር። ላቡ በተላጨው ወገን ወርዶ አፍንጫው ጫፍ ላይ ቆመ፤ አልጠረገውም። የሞተሯ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ከድንጋዩ ጎን አንድ ነጭ መቀነት ታየ። ሁለተኛው ተከተለ። ሦስተኛው ወጣ። ዓሳው ዞር ዞር አለ፣ ምግቧን አያት፣ ቀረበ፣ ዋጣት። ሌላዋንም ዋጣት።

«በላ» አለች አዴ ዙበይዳ በሹክሹክታ።

«ይደር» አለ ፉአድ። ይቺን ቃል ከፉአድ አፍ የሰማ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

አደረ። እሁድ ጠዋት አዴ ዙበይዳ ራሷ ቆንጥራ ጣለችለት። ዓሳው ከድንጋዩ ሮጦ ወጥቶ ከጣቷ ሥር በላ። ሰማያዊው ግድግዳ ከኋላው ባህር መስሏል።

ምላጩ ግማሹን ላጨ፣ መንገዱ ፉአድን ለቀቀ፤ መንገዱ ለቀቀ፣ ፉአድ ተቀመጠ፤ ፉአድ ተቀመጠ፣ ጠረጴዛው ቆመ፤ ጠረጴዛው ቆመ፣ መስታወቱ ቋጠረ፤ መስታወቱ ቋጠረ፣ ሞተሯ አዞረች፤ ሞተሯ አዞረች፣ ውሃው አስታመመ፤ ውሃው አስታመመ፣ ድንጋዩ አስጠጋ፤ ድንጋዩ አስጠጋ፣ ዓሳው በልቶ አደረ፤ ዓሳው በልቶ አደረ፣ ቁልፉ ከአዴ ዙበይዳ መቀነት ተፈታ።

ተፈታ፤ ግን ወዲያው እጁ ላይ አላስቀመጠችውም። «ቁጭ በል» አለችው። ነጩን ጨርቅ አንገቱ ላይ አሰረች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ተሰቅሎ የኖረውን ምላጭ አወረደች፣ አዲስ ስለት አስገባችበት፣ የቀረውን ግማሽ ጎፈሬ ከግንባር እስከ ማጅራት አወረደችው። እጇ አልረሳም። ስትጨርስ ማጅራቱን በአልኮል ጠረገችና «ይሄ የሚጠረግ ነው፣ ድንጋይ አይደለም» አለችው። ከዚያ ቁልፉን መዳፉ ላይ ጫነች።

የሞባይል ሻጩ እሁድም ቢሆን መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። መስታወቱን አየ፣ ዓሳውን አየ፣ የፉአድን ራስ አየ። ገብቶ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እስቲ ጎኑን አሳጥርልኝ» አለ።

ፉአድ አሳጠረለት። አዴ ዙበይዳን ሸኘ። ከዚያ በሩን ዘጋ፣ ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና መንገዱ ላይ ወጣ። ባለ ባጃጁ ጥሩምባ ነፋ፤ ጫት ሻጯ «ዛሬስ መብራቱ መጣ» አለችው። ፉአድ እያበራ አለፋቸው፤ በጥጉ ታጠፈና ከዓይን ተሰወረ። ሰፈሩ እርስ በርሱ ተያየ። ይኸው ሄደ፣ ተባባለ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። በአንድ እጁ ታጥቦ የነጣ ብሩሽ፣ በሌላው እጁ አንድ ጣሳ ሰማያዊ ቀለም ይዟል።

እኔም ቆርጬ ጨረስኩ። የወደቀውን ፀጉር እናንተ ጥረጉ።